ሦስት ሰው ጎን ለጎን

የዕድራችን ጡሩምባ ሲነፋ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ሰፈሩን በሐሳቤ ዞርኩት። ማን ታሞ ነበር? በሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ የሚሞቀው የባቡር ጡረተኛ? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት አሮጊት? ጋሽ ተሰማን ፈጽሞ አላሰብኳቸውም። እንዴት አስባለሁ? ትናንት አመሻሽ ላይ ከቦረቦሩ አፍ ሆነው ብረታቸውን እያነሱ ሲጥሉ፣ ድው... ድው... ሲያደርጉ ሰምቼ «እኚህ ሰውዬ ጆሮአችንን ሊያጠፉት ነው» ብዬ ስነጫነጭ ነበር። ጡሩምባው አልፎ ሰፈሩ ጭር ሲል ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ የሚሰማው ድምፅ የለም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስወጣ ሸምሱ ባለሱቁ መዝጊያውን በግማሽ ከፍቶ ቆሟል። አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ተሰማ?» አልኩት።

«ጋሽ ተሰማ» አለ። ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ መብራታቸው እንደበራ አይቶ ግራ ገብቶት ሄዶ አንኳክቷል። እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ነው የሄዱት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል፤ መንግሥቱም ተለውጧል። ጠዋት ጠዋት ግን ጆሮዬ ያን ድምፅ ይጠብቃል። ስነጫነጭበት የኖርኩትን ነገር እንደምናፍቀው ማን ነገረኝ?

እኔ አቃቂ በሰቃ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። ቢራ፣ አረቄ፣ አንዳንዴም የተቀቀለ እንቁላል እሸጣለሁ። ሰው ቱግ ባይ ናት ይለኛል፤ ውሸት አይደለም። ነገር አላሳድርም። ጋሽ ተሰማ ግን ስጮህባቸው ደስ ይላቸው ነበር፤ ያለዚያ አይሰሙኝማ። ወጣትነታቸውን በሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ መካኒክ ሆነው ነው የጨረሱት። ማሽኑ ጆሮአቸውን በላው። ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ ሌላው ሁሉ የማይሰማ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ምሥጢር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ጨጓራቸውን እንዳመማቸው ለሐኪሙ ሲነግሩት ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ንስሐ ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ እግዜር ይወቀው።

ቤታቸው ከሁላችንም ቤት ወዲያ፣ የምድር ጫፍ የምትመስል ቦታ ላይ ነበር። ዱሮ እዚያ ብዙ ቤት ነበር። በስተቀኝም በስተግራም ቦረቦሩ በየክረምቱ እየበላ መጣና ሰዉ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው፣ ምትክ ቦታ ሲሰጠው፣ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። እሳቸው ብቻ፣ ከአንዲት ትልቅ ወይራ ጋር ቀሩ። ከእኛ ሰፈር ወደሳቸው ቤት የምታሻግረው መንገድ ከዓመት ዓመት እየቀጠነች አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ሆነች። ከግራ ገደል፣ ከቀኝ ገደል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ የደፋው ቆሻሻ፣ ከሁሉ በላይ ጠርሙስ። የደህናው ቢራ ጠርሙስ በሳጥን ተመላሽ ነው፤ የተሰበረውን፣ የአረቄውን፣ የወይኑን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የመስኮቱን መስታወት ግን ማን ይወስደዋል? ቆራሌው እንኳን ሳይነካው ያልፋል። ሁላችንም ወደ ቦረቦሩ ነበር የምንወረውረው።

ልጃቸው ሰናይት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ቂሊንጦ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ባሏ ሾፌር ነው፣ ክፍለ ሀገር ነው የሚውለው የሚያድረው። ሁለት ልጆች አሏት። ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ ካልጠፋ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ማንም የለም። ጋሽ ተሰማ ቤት ኔትወርክ ስለማይሠራ ለልጃቸው የሚደውሉት እኔ ግሮሰሪ በር ላይ ቆመው ነበር። እንዲሰማቸው ስፒከሩን ይከፍቱታል። እሳቸውም ይጮኻሉ፣ እሷም እንዲሰሟት ትጮኻለች። ጠጪው ብርጭቆውን ይዞ ዝም ይላል፤ ሸምሱ ከሱቁ አንገቱን ያወጣል። የአንድ አባትና የአንዲት ልጅን ወሬ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ዜና ያዳምጠዋል።

«ሰንዬ! መቼ ነው የምትመጡት?»

«አባዬ፣ እዚያች መንገድ ላይ እንዴት ልምጣ? አንድ ሰው ብቻ እኮ ነው የምታሳልፈው! ሁለቱን ይዤ እንዴት ልለፍ? አንዱን ስይዝ ሌላዋ ልትሄድብኝ ነው!»

«እኔ መጥቼ እይዛታለሁ!»

«አንተ ራስህ መቼ በደንብ ትራመዳለህ አባዬ!»

እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ ይዛቸው መጥታ ትልቁ ልጅ ተንሸራቶ፣ ሸምሱ ነው በጃኬቱ ኮሌታ አንጠልጥሎ ያስቀረው። ያን ዕለት ሰናይት ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ይዛ አልመጣችም። ብቻዋን እንዳትመጣ ደግሞ ልጆቹን የምትጥልበት ሰው የላትም።

«ታዲያ እርስዎ ለምን አይሄዱም?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ በጆሮአቸው ጮኼ።

«እሄዳለሁ እንጂ። አራተኛ ፎቅ ነው። እሷ ከሌሊት ፈረቃ መጥታ ትተኛለች፤ ልጆቹን ዝም በሉ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ማውራት አልችልም።» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ደግሞ አስቱ፣ እዚያ ስሄድ እንግዳ ነኝ። እዚህ ሲመጡ ነው አያት የምሆነው። ወይራዋ ላይ ዥዋዥዌ እሰቅልላቸዋለሁ። እናታቸው የተወለደችበትን ክፍል አሳያቸዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ላይ ምን አሳያቸዋለሁ?»

 አረቄ ቀዳሁላቸው፤ አልጠጡትም።

ያ ዘመን ኮብልስቶን የመጣበት ጊዜ ነበር። ኢሕአዴግ መንገዱን ሁሉ በድንጋይ ሲያስነጥፍ፣ ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ቀኑን ሙሉ ጥርብ ድንጋይ ሲደረድር፣ እኛም ድርሻችንን አዋጥተን ጠበቅን። ድንጋዩ ግሮሰሪዬ በር ድረስ መጣና ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቦረቦር ነው፣ ፕላን ውስጥ የለም ተባለ። ጋሽ ተሰማ የመጨረሻው ድንጋይ አጠገብ ቆመው ለረጅም ጊዜ ወደ ቤታቸው ሲያዩ አስታውሳለሁ። 

በሳምንቱ ድው ድው ጀመረ።

ስወርድ ጉድ አየሁ። የጋዝ ሲሊንደር በግማሽ አስቆርጠው ሙቀጫ አድርገውታል። ዘነዘናው የመኪና አክሰል ነው። ከካላማዳሪያ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጓንት ሰፍተዋል፤ አፍና አፍንጫቸውን በረጠበ ጨርቅ አስረዋል፤ ዓይናቸው ላይ የብየዳ መነጽር አለ። በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው ጠርሙስ ይወቅጣሉ።

«ጋሽ ተሰማ! ምን ነካዎት?» ብዬ ጮህኩ።

«አሸዋ እየሠራሁ ነው!» አሉ። ብረቱን አስቀምጠው የወቀጡትን በወንፊት ነፉት። ከሥር የወረደውን በመዳፋቸው ዘግነው አሸት አሸት አደረጉትና ወደ እኔ ዘረጉት። «ንኪው።»

«ምን ቆርጦኝ!»

«ንኪው ግድ የለሽም።»

ነካሁት። እንደ ወንዝ አሸዋ ነው። አይቆርጥም፣ አይወጋም። አረንጓዴውና ቡኒው ተቀላቅሎ ፀሐይ ሲመታው ብልጭ ይላል።

«ጠርሙስ ክፉ የሚሆነው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀር ነው፣ አስቱ» አሉኝ። «ሙሉው ማንንም አይነካም። ሙሉ በሙሉ የላመውም ማንንም አይነካም። ግማሽ ሆኖ የቀረው ነው ሰው የሚቆርጠው።»

ያን አነጋገር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ደጋግመውታል። ሥራቸውም እንደዚያው ነበር። ጠርሙሱን መጀመሪያ በአመድ ያጥባሉ፤ ያለቀልቃሉ፤ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፤ ከዚያ ነው የሚወቅጡት። «ስኳር የነካው ጠርሙስ ሲሚንቶ አያስጠነክርም፣ ፋብሪካ ሳለሁ ወለሉን ሲሠሩ አይቻለሁ» ይላሉ። የላመውን ከሲሚንቶ ጋር አቡክተው በእንጨት ቅርጽ ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ብሎኬቱ ሲወጣ ሥራው አለቀ ብላችሁ እንዳታስቡ። በረጠበ ከረጢት ሸፍነው ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡታል። እንደ ችግኝ! በዓል ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ አይቀርም። ለገና ምሳ ጠርቻቸው መሐል ላይ ብድግ አሉ። «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ያልጠጡ አሉብኝ» አሉ። እንግዶቼ ከብት ያላቸው ነበር የመሰላቸው።

ከቦረቦሩ ሥር ያለው ጠርሙስ ሲያልቅባቸው ወደ አጥር ዞሩ። የእኛ ሰፈር አጥር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ግንቡ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ በሲሚንቶ ይተከላል፣ ሌባ እንዳይዘል። ጋሽ ተሰማ መሮና መዶሻ ይዘው የሸምሱን በር አንኳኩ። እኔ ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለ ቲያትር አያመልጠኝም።

«ሸምሱ፣ አጥርህ ላይ ያለውን ጠርሙስ ስጠኝ።»

«ኧረ ጋሽ ተሰማ! ሱቅ እኮ ነው ያለኝ። ሌባ ቢገባብኝስ?»

«ከገባ እኔ ጋ ላከው!» ብለው ጮኹ። «ብቻዬን ነው ያለሁት፣ ጨዋታ እፈልጋለሁ!»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ሸምሱም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሸምሱ ያን ሲያይ ሳቁን ዋጥ አደረገና መሰላል አምጥቶ ራሱ ወጣ። በዚያ ወር የስንቱ አጥር ራሱን እንደተላጨ ሰው ልሙጥ ሆነ። የእኔንም ሰጠሁ። አንጀቴን በሉታ፣ ምን ላድርግ?

ያኔ ነው ነገሩ የዕድር ጉዳይ የሆነው። ቦረቦሩ እሳቸው ጋ ብቻ አይቆምም፤ ዛሬ የሳቸውን በልቶ ነገ ወደኛ ይዞራል። ዕድሩ ሲሚንቶ ቻለ። እሑድ እሑድ ሰው መውጣት ጀመረ። ወንዶቹ ከገደሉ ሥር ጀምረው ድጋፍ ግንብ በብሎኬቱ ይደረድራሉ፤ ሴቶቹ ዝሆኔ ሣርና ቀርከሃ ከወንዙ ዳር አምጥተን በየደረጃው እንተክላለን። ሣሩ ሥር ሲሰድ አፈሩን ጨምድዶ ያዘው። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ እንደ ዱሮው እየናደ ሳይሆን ተሽከርክሮ፣ አቅም አንሶት ሲወርድ ሳየው ልጅ ሆኜ የማላውቀው ደስታ ነው የተሰማኝ።

የመንገዱ ስፋት ላይ ግን ተጣላን። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ «ሲሚንቶው እንዲበቃን መንገዱን አንድ ሰው ተኩል የሚያሳልፍ እናድርገው» አሉ። ጋሽ ተሰማ «አይሆንም» አሉ። «ሦስት ሰው ጎን ለጎን።»

«ሦስት ለምን?» አለ ሸምሱ። «ለቃሬዛ ነው እንዴ ጋሽ ተሰማ?»

ጋሽ ተሰማ መሬቱ ላይ ቆሙ። ግራ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፤ ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፤ የልጅ ቁመት ያህል ዝቅ አደረጓቸው። ትንንሽ እጆች እንደያዙ ሁለት እርምጃ ተራመዱ።

«ሴትዮዋ ሁለት ልጅ ይዛ ስትሄድ» አሉ፣ «አንዱንም መልቀቅ የለባትም።»

የሰማነውን ስልክ ሁላችንም አስታወስን። ማንም አልተከራከረም። ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «እንግዲያው ሦስት ይሁን» አሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጋሽ ተሰማ ሥራቸውን ሲያበላሹ ያየሁት። ዐቢይ ጾም እየተገባደደ ነበር፤ መንገዱ አልቆ ከሳቸው በር ፊት ያለችው ጥቂት ቦታ ቀርታለች። ሰናይት ደወለች። «አባዬ፣ ለፋሲካ ፈረቃዬ ላይገባ ይችላል። መንገዱ ደህና ከሆነ እንመጣ ይሆናል።» ይሆናል ነው ያለችው። እሳቸው የሰሙት እንመጣ የሚለውን ነው።

ያን ሳምንት ሰውዬው ሰው አልመሰሉኝም። ጠርሙስ አልቋል። ጠጅ ቤት ሄደው የተሰባበረ ብርሌ በዶንያ ተሸክመው መጡ፤ ማሩ ገና እላዩ ላይ ያጣብቃል። ሳያጥቡ ወቀጡት። እኚህ ጠርሙስ ሳያጥቡ የማይነኩ ሰው! «ጋሽ ተሰማ፣ አላጠቡትም እኮ» ብላቸው «ጊዜ የለም፣ ጊዜ የለም» እያሉ አቡክተው፣ ጠቅጥቀው፣ ሳይደርቅ ደረደሩት። ሲሚንቶው ከማር ጋር አልስማማም አለ። ቢያጠጡት፣ ቢሸፍኑት እንደ ገንፎ ነው። ስቅለት ዕለት የበልጉ ዝናብ ወረደና ያቺን ቁራጭ ይዟት ሄደ።

ለፋሲካ ሰናይት አልመጣችም። ትንሿ ልጅ አተኩሷት ነበር። ግሮሰሪው በር ላይ ቆመው ስልኩን ዘጉ።

«እንኳን አልመጣች» አሉ። «ቢመጡ እኮ እዚያ ጋ ይወድቁ ነበር።»

ይህን ያሉት በዝግታ ነው። ያን ያህል በዝግታ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ከዚያ ሄደው ዶማ ይዘው የተበላሸውን ማንሣት ጀመሩ፣ በፋሲካ ቀን። ዶሮዬን በሳህን ይዤ ወረድኩና አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አልበላሁም፣ አልበሉም።

ክረምት ሳይገባ ቦታዋን እንደገና ሠሯት፤ አሁን እያንዳንዷን ብርሌ ሦስቴ አጥበው። መንገዱ አለቀ። ከግሮሰሪዬ በር እስከ ወይራዋ ድረስ፣ ከሁለት ወገን ዝቅ ያለ ድጋፍ ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣበት ጨው የተበተነበት መስሎ የሚያብለጨልጭ። ከወረዳ መጥተው ፎቶ አነሱት፣ ሞዴል ነው አሉ፣ ሄዱ። ሰፈሩ ተጠቀመበት፤ ልጆች ወይራዋ ሥር ሊያጠኑ ይሄዳሉ፣ ሴቶች ከዚያ ማዶ ካለው ምንጭ ውሃ ይቀዳሉ። ጋሽ ተሰማ ደስ ይላቸዋል። ግን ከሚመጣው ሰው ራስ በላይ አሻግረው መንገዱን ነበር የሚያዩት።

ለሰናይት «መንገዱ ተስተካክሏል!» ብለው በስልክ ጮኹ።

«እሰይ አባዬ! እንመጣለን እንግዲህ። ይቺ ፈረቃ ትቀየርልኝ እንጂ።»

ፈረቃዋ ተቀየረ፤ የትልቁ ልጅ ፈተና ደረሰ። ፈተናው አለፈ፤ ሠራተኛ ቀነሱና ትርፍ ሰዓት አስገቧት። ውሸቷን አልነበረም፣ አልወቅሳትም። ያኔ ግን ወቅሻታለሁ፣ በየቀኑ! እሳቸው ጠዋት መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ወይራዋ ሥር ሁለት ትንንሽ ዱካ፣ የልጅ መቀመጫ፣ ያወጣሉ፤ ማታ ያስገባሉ። እሳቸው ዱካዎቹን ሲያስገቡ እዚህ ሆኜ እያየሁ የምቀዳው ቢራ ከብርጭቆው ይፈስብኛል።

አንድ ማታ ቱግ አልኩ። «ስልኩን ይስጡኝ! እኔ ልንገራት! ይሄን መንገድ ማን እንደሠራው፣ ለማን እንደሠራው፣ ለምን እንዲህ እንደሰፋ ልንገራት! ነገ ካልመጣች ምን አለች በሉኝ!»

ስልኩን ደረታቸው ላይ ያዙት። «አይሆንም አስቱ። ካወቀች ግዴታ ይሆንባታል። እየደከማት፣ እያለቀሰች ትመጣለች። እኔ የምፈልገው ሲያሰኛት እንድትመጣ ነው። አደራ።»

«ጋሽ ተሰማ...»

«አደራ ብያለሁ። ሸምሱ፣ አንተም!» ሸምሱ ከሱቁ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

እሳቸው ግን ሥራ አላቆሙም። «የታችኛው ግንብ ይቀረዋል» እያሉ ይወቅጡ ነበር። ይመስለኛል ቤቱ ዝም ሲል ከበዳቸው። ድው ድው ሲሉ ቢያንስ እኔ እነጫነጫለሁ፤ አንድ ሰው ሰማቸው ማለት ነው።

ከዚያ ጡሩምባው ተነፋ።

ሰናይት የደረሰችው ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት፣ ራሷን ስታ ነው። ልጆቹን ሌላ ሰው ይዟቸው ነበር። እግሯ ምን ላይ እንደሚረግጥ አላየችም። ቀብር፣ ድንኳን፣ ለቅሶ... እንደሚሆነው ሆነ።  እኔ ግን ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ሳሳልፍላት፣ ውሃ ስሰጣት፣ አደራውን ምላሴን ነክሼ ነው የያዝኩት። ሞት አደራን ይሽር እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው ፈለግኩ፤ የምጠይቀው ሰው ሞቷል።

ሠልስት ወጥቶ ሰዉ ሲበተን ሰናይት በአባቷ ቤት በር ላይ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ልብ ብላ አየችው። ሸምሱ፣ ሰብሳቢው፣ እኔ፣ ሌሎችም አጠገቧ ነበርን።

«አባዬ ተስተካክሏል ሲለኝ አፈር የደለደሉበት መስሎኝ ነበር» አለች። «እንዲህ ነው እንዴ? ቀበሌው ነው የሠራው?»

ሸምሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሰብሳቢው አየሁ። ያን ሁሉ ስልክ የሰማ፣ አደራውንም ሲጮኹት የሰማ ሰፈር፣ ምሥጢር የሌለበት ሰፈር፣ አንድ ሰው አፉን አልከፈተም።

«የሰፈሩ ሰው ነው» አልኩ በመጨረሻ። 

«እንዴት ሰፊ ነው!» አለች። «ለአንድ ቤት ይሄን ያህል ለምን አሰፋችሁት?»

 ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠረጉና የድንኳኑን ወንበር ማንሣት ጀመሩ።

ዕቃዋን ባሏ ቀድሞ ይዞ ሄዷል። ወይራዋ ሥር እኔ ካወጣኋቸው ሁለት ዱካዎች ላይ ልጆቹን አስነሣቻቸው። ትልቁን በቀኝ፣ ትንሿን በግራ ያዘች። ተሰናብታን መንገዱን ጀመረች። ከኋላ ቆመን አየናት። ትንሿ በመሬቱ ላይ የሚያብለጨልጨውን እያየች ትዘላለች። ትልቁ ዳር ዳሩን ይረግጣል፤ እግሩ ከጫፉ አይወጣም። የትንሿም አይወጣም።

መሐል መንገድ ላይ ሰናይት ቆመች። ወደ ቀኝ እጇ አየች፤ ከልጇ እግር ሥር ያለውን ጫፍ አየች። ወደ ግራ እጇ አየች፤ ያኛውን ጫፍ አየች። ዞር ብላ እኛን አየችን። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ሸምሱ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ በኋላ ማን ሠራው፣ ለምን ሰፋ ብላ አልጠየቀችም። እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ አለች፣ ከሆዷ በሚወጣ ድምፅ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ጮኸች፣ እሳቸው እንዲሰሟት ስትጮህ እንደኖረችው።

የልጆቹን እጅ ግን አልለቀቀችም።